ቀዝቃዛው ክዳን፦ የአቶ ተሰማ እንግዳወርቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተሰማ እንግዳወርቅ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳወርቅ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ደምሴ፣ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ከተማ በላይ ተረተሩ ላይ ባለችው መንደር ጥር 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱ የኅዳር በሽታ ብዙ ደጅ የዘጋበት ነበር። ወይዘሮ ጌጤ በዚያ በሽታ የአቶ ተሰማን ሁለት ታላላቆች ቀብረው፣ በሆዳቸው የቀረውን አንዱን አትርፍልኝ ብለው ለእመቤታችን ተስለው ነበርና ልጁ በሕይወት ሲወለድ ተሰማ አሏቸው። ከእሳቸው በኋላ እኅታቸው ወይዘሮ ጽጌ ተወልደዋል።

አቶ ተሰማ ፊደል ቈጥረው ዳዊት የደገሙት እዚያው በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። መምህራቸው ለዲቁና አስበዋቸው እንደነበር እናታቸው ሲናገሩ ይሰማ ነበር። ነገር ግን የወጣትነት ጊዜያቸው ከጠላት ወረራ ጋር ተገጣጠመ። በ1929 ዓ.ም. ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ለመንገድ ሥራ ተገደው ወደ ቆላው ወረዱ። ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው፣ ሌላው ጥላ ሲፈልግ እሳቸው የተበላሸ መኪና የቆመበት ሄደው ይቀመጡ ነበር። አይነኩም፤ ያዳምጣሉ። ኋላ እንዳጫወቱን፣ ያን ጊዜ ሞተር እንደ ሰው ደረት ይመስላቸው ነበር፤ ሳሉን የሰማ በሽታውን ያውቃል ብለው ያምኑ ነበር። ከማዳመጥ ወደ ማቀበል፣ ከማቀበል ወደ መፍታት ተሸጋገሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የእጅ ሙያው ከእሳቸው ጋር ቀረ።

ከዚያም አዲስ አበባ ወጥተው በጦር ሠራዊት የተሽከርካሪ መጠገኛ ውስጥ በሲቪል ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ እስከ 1946 ዓ.ም. በቅንነት አገለገሉ። በዚያው ዓመት እናታቸው በእግር ሕመም ስለተያዙ ሥራቸውን ትተው ተመለሱ። በሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ተክለው ጋራዥ ከፈቱ። እናታቸውንም ከተረተሩ አውርደው አጠገባቸው አኖሩ።

አቶ ተሰማ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እስከ አርባ አራት ዓመታቸው ድረስ ትዳር አልያዙም። የከተማው ሰው «ተሰማ ያገባው ሞተር ነው» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እናታቸው በዚህ ቀልድ አይስቁም። «ሞተር አያዋልድም፣ ሞተር አያስታምምም፤ እኔ ስሞት ማን ውሃ ያቀብልህ?» ይሏቸው ነበር። አቶ ተሰማ ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን ይጠርጋሉ።

በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የሮቢት ነጋዴዎችና የቀወት ገበሬዎች ተሰባስበው፣ ፓፓያና ብርቱካናቸውን ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣላቸው አንድ የጭነት መኪና በማኅበር ሊገዙ ተስማሙ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ባለ ሆቴሉ አቶ ብርሃኔ ነበሩ። ጦር ሠራዊቱ ያገለገሉ መኪኖች በጨረታ ይሸጥ ስለነበር፣ መርጠው እንዲያመጡ የተላኩት አቶ ተሰማ ናቸው። እሳቸውም ከተደረደሩት መካከል አንዱን አስነሥተው፣ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ብዙ አዳመጡ። ሮቢት ተመልሰው በማኅበሩ ፊት እንዲህ አሉ፦

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። ግዙት። የደብረ ሲናን ዳገት ካላወጣ መዶሻዬን ይዤ ከሮቢት እወጣለሁ።»

ብዙ የማይናገር ሰው የተናገረው ነውና ሁሉም አመነ። በሬ የሸጠ ሸጠ፤ ከሱቁ ያወጣ አወጣ፤ መኪናው ተገዛ። ሾፌር ሆነው የተቀጠሩት የካራቆሬው ሰው አቶ አብዱልፈታህ ነበሩ። ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ቆመዋል፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ይህ መኪና ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። በሌላው መኪና ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በቺንጋ፣ ማለት በጎማ ቀበቶ ይዞራል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ማንም አይቶ ይለውጠዋል። የዚህኛውን ማራገቢያ ግን የሚያዞረው ዘይት ነው። ራሱን የቻለ የዘይት ማጠራቀሚያ አለው፤ ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ በቱቦ ሄዶ ማራገቢያውን ያዞራል፣ ዞሮም ይመለሳል። የዘይቱ ክዳንና የራዲያተሩ ክዳን ኮፈኑ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እንደ መንታ ልጆች አይለዩም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በደኅና አለፉ። በ1955 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ የቆላው ሙቀት ሲበረታ፣ መኪናው ዳገቱን አጋምሶ መቆም ጀመረ። ማራገቢያው ይለግማል፤ ራዲያተሩ ይፈላል፤ አቶ አብዱልፈታህ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገብተው እስኪበርድ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን በዳገቱ መሐል ካለችው ከአርማንያ በታች ቆሞ በመዋሉ የበሰለው ፓፓያ በፀሐይ ፈረሰ። ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ተሻማበት።

በማግሥቱ አቶ ብርሃኔ ጋራዡ ድረስ መጡ። «ጋሽ ተሰማ፣ የአርማንያ ዝንጀሮ ሁሉ ስምዎን እያነሣ ይመርቃል» አሏቸው። «የሮቢት ሰው ግን እንደዚያ ሲያደርግ አልሰማሁም።»

አቶ ተሰማ በቀልዱ ውስጥ ያለውን አልሳቱም። በሬውን የሸጠው ገበሬ በጋራዡ ሲያልፍ ሰላምታው አጥሯል። ለጥገና ይመጡ የነበሩ መኪኖችም ወደ ሌላ መሄድ ጀምረዋል። «ድሮ ከነበረበት መጠገኛ ሰዎች ጋር ተመሳጥሮ ነው አሮጌ ብረት ያሸከመን» የሚሉም ነበሩ። ይህን ወሬ እናታቸው ከገበያ ከተመለሰ ሰው ሰምተው አልቅሰዋል።

ስለዚህ አቶ ተሰማ መኪናውን ከጋራዡ አስገብተው መመርመር ያዙ። የዘይቱን መለኪያ በትር ነክረው ልኩን አዩ፤ ሙሉ ነው። ከላይ ሲታይም ንጹሕ ዘይት ነው። ቱቦውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ የተሰነጠቀ የለም። የማራገቢያውን ሞተር ፈትተው ኩሽኔታውን አዩ፤ ደኅና ነው። አንድ ያረጀ ቱቦ ለጥንቃቄ ለወጡ። ሲያስነሡት ማራገቢያው ከሰው ራስ ላይ ባርኔጣ የሚያወልቅ ነፋስ አወጣ። መኪናው ወጣ፤ ዳገቱ ላይ እንደገና ቆመ።

አንድ ነገር ግን ከነከናቸው። ዘይቱ አይጎድልም። እንዲያውም በትሩን በነከሩ ቁጥር ከፍ ብሎ ያገኙታል። «ማሽን ዘይት ይጠጣል እንጂ ዘይት አይወልድም» አሉ ለራሳቸው።

አቶ አብዱልፈታህ በበኩላቸው ነገሩን በቀልድ ነበር የያዙት። «ጋሽ ተሰማ፣ ይቺ መኪና ሰልማለች መሰለኝ» አሉ። «እኔ ዳገቱ ሥር ለዙሁር ካቆምኩ በኋላ እሷም ትቆማለች። ወላሂ፣ ሳልሰግድ ያለፍኩ ዕለት ትሻላለች።»

በጋራዡ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ተሰማ አልሳቁም። «የት ነው የምትሰግደው?» ብለው ጠየቁ።

«ከሾላዋ ሥር ነዋ። የውሃው ጋን ካለበት።»

ያቺን ሾላ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከሮቢት ወጥቶ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ በሚጀምርበት ያለችው ናት። ከሥሯ አንድ ጋንና አንድ ቅል ይቀመጣል፤ መንገደኛ ጠጥቶ ያልፋል። ማን እንደሚሞላው ግን ያን ጊዜ የሚጠይቅ አልነበረም። ሞልቶ የሚገኝ ነገር ባለቤቱን አያስጠይቅም።

በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው ከአርማንያ በታች ቆመ የሚል መልእክት በአውቶቡስ ሲመጣ፣ አቶ ተሰማ አስጎትቱት አላሉም። «እስከ ዛሬ የማያት ሮቢት አድራ፣ ቀዝቅዛ፣ ሕመሙ ካለፋት በኋላ ነው። አሁን በታመመችበት ልያት» ብለው በሚቀጥለው አውቶቡስ ወጡ። ሞተሩ እንደጋለ ደረሱ። የማራገቢያውን ቱቦ ገና ሲያላሉት የወጣው ዘይት አልነበረም፤ እንደ ወተት የነጣ አረፋ ነበር።

«ውሃ!» አሉ አቶ ተሰማ።

አቶ አብዱልፈታህ ሁለት እጃቸውን አነሡ። «በልጆቼ እምላለሁ ጋሼ፣ በዚህ ክዳን ጠብታ አልጨመርኩም!»

«አምንሃለሁ። ዝም በል፤ ፊልትሮውን ፈትተህ አቀብለኝ።»

አሁን ሁሉም ግልጽ እየሆነላቸው ሄደ። መኪናው ቆሞ ሲያድር ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ ዘይቱ ከላይ ይሰፍፋል። በትር የሚነክር ሰው የሚያየው ዘይቱን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ግን ሁለቱ በፖምፓው ተመትተው አረፋ ይሆናሉ፤ አረፋ ደግሞ ማራገቢያ የሚያዞር ጉልበት የለውም። የቀረው ጥያቄ ውሃው ከየት ገባ የሚለው ነው። ከራዲያተሩ ሾልኮ ይሆን? የራዲያተሩ ውሃ ዝገት ለብሶ ቀይ ነው፤ ይህኛው አልቀላም። የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ሲያራግፉ የተልመሰመሰ አረንጓዴ ነገር ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ቅጠል ነው። አቶ ተሰማ ቅጠሉን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። የዚህ አገር ሴት ከምንጭ ውሃ ስትሸከም እንዳይፈናጠርባት በእንስራዋ አፍ ቅጠል ትከታለች። በመኪና ሆድ ውስጥ የእንስራ ቅጠል ተገኘ።

ቅጠሉን በኪሳቸው ከትተው ዳገቱን በእግራቸው ወረዱ።

ከሾላዋ ሥር ጥቂት እንደተቀመጡ አንዲት ወጣት ሴት እንስራ አዝላ መጣች። እኒህ ሴት ዛሬ ከአቶ ተሰማ አስከሬን ራስጌ የቆሙት ወይዘሮ ሸዋዬ ተክሌ ናቸው። የዚያን ቀን ግን አቶ ተሰማ ስማቸውን አያውቁም። ወይዘሮ ሸዋዬ ቅጠሉን አውጥተው ጥለው ውሃውን ወደ ጋኑ ገለበጡ። ከዚያ ቅሉን ሞልተው ለእንግዳው ሰጡ።

«ይጠጡ ጋሼ፤ ላብዎ አልደረቀም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለማን ነፍስ ነው?»

«ለአባቴ ነው። ከደብረ ሲና ገበያ ሲመለስ ከዚችው ሾላ ሥር በጥም ወደቀ። ሰው ሲደርስለት ልሳኑ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋኑን አላጎድልም። ለሰውም፣ ለአህያም፣ ለመኪናም።»

«ለመኪናም?»

«እንዴታ! ያ የካራቆሬው ሾፌር ፊቱን አዙሮ ሲሰግድ ሰጋጅ አይጣደፍም ብዬ እኔ አጠጣለታለሁ። ነግሬውም አላውቅም፤ ጽድቅ ይነገራል እንዴ?»

«በየትኛው ክዳን ነው የምታጠጪው እኅቴ?»

«በቀዝቃዛው ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ጥያቄው ገርሟቸው። «በሚያቃጥለውማ አልሞክርም። አምና አንዱ ሾፌር እሱን ሲከፍት ፊቱ ሲላጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዝቃዛው ግን ጨዋ ነው፤ አይተፋም። ትንሽ ጥቁር ነገር ከላይ ይፈስሳል እንጂ እሺ ብሎ ይጠጣል።»

ቀዝቃዛው ክዳን የዘይቱ ነው። አቶ ተሰማ ስማቸውን ያጎደፈውን፣ እናታቸውን ያስለቀሰውን ነገር አገኙት፤ ያገኙት ግን እንዲህ ሆኖ ነው። ኋላ ለባለቤታቸው እንደነገሯቸው፣ የዚያን ጊዜ አፋቸው ድረስ የመጣ ቃል ነበር። ከውሃው ጋር ዋጡት። ቅሉን መልሰው «አባትሽን ነፍስ ይማር» አሉና ወደ ሮቢት መንገድ ገቡ።

በማግሥቱ ማኅበሩ በአቶ ብርሃኔ ሆቴል ግቢ ተሰበሰበ። አቶ ተሰማ ተነሥተው «ሕመሙን አግኝቻለሁ። በማራገቢያው ዘይት ውስጥ ውሃ ገብቶበታል» አሉ።

«ማን ጨመረው?» አሉ አቶ ብርሃኔ።

«ሁለቱ ክዳኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ለይቼ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ፤ አላደረግሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱን ይተዉትና፣ ውሃውን የጨመረው እጅ የማን ነው?»

«ይህን አትጠይቁኝ።»

ግቢው ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «እኛን ሕፃን አደረገን! በቆርቆሮው ሥር ሆኖ ተረት ሲፈጥር ከርሞ!» አለ። ሌላው ጣቱን ወደ አቶ አብዱልፈታህ ቀሰረ። «ከሾፌሩ ሌላ ማን ይነካዋል? እሱን ለመሸፈን ነው!»

አቶ አብዱልፈታህ ሊነሡ ሲሉ አቶ ተሰማ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። «አብዱልፈታህን ልቀቁት፤ እጁ የለበትም። እኔ ዳገቱን ካላወጣ ከሮቢት እወጣለሁ ብያለሁ። አላወጣም። ቃሌ ቃል ነው። መዶሻዬን አስሬአለሁ» አሉ። እውነትም መሣሪያቸው በጆንያ ታስሮ ከእግራቸው ሥር ነበር። ሰው ያየው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መካከል የግቢው በር ተከፍቶ ወይዘሮ ሸዋዬ እንስራቸውን እንዳዘሉ ገቡ። ለካስ ገበያ ወርደው በግቢው በር ሲያልፉ፣ የማኅበሩ መኪና ውሃ ገብቶበት መካኒኩ ከአገር ሊወጣ ነው ሲባል ሰምተው፣ ያ ከሾላው ሥር ስለ ክዳን የጠየቃቸው እንግዳ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። እንስራውን አውርደው ከመካከል አስቀመጡ።

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለእኒህ ሰው ትናንት ነግሬያቸዋለሁ፣ ያውቃሉ። ምነው ደበቁኝ ጋሼ? ይህ ውሃ ለአባቴ ነፍስ የሚፈስስ ነው። የአባቴን ውሃ በሰው ውርደት ላይ አላፈስስም።»

አቶ ተሰማ አንገታቸውን ደፉ። «ጋንሽን ይሰብሩብሻል ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ጋን ያልጠጣ አልነበረም። በሬውን የሸጠው ገበሬ፣ እስካሁን ድምፁ ያልተሰማው፣ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። «እኔ ወባ ይዞኝ ስወርድ እዚያ ጋን ሥር ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ታዲያ አሁን ማንን ልክሰስ?» አለና ተቀመጠ። አቶ ብርሃኔም «ጋሽ ተሰማ፣ ያንን ጆንያ ይፍቱልን። ይህ መኪና ዳነ ወይስ አልዳነም?» አሉ። ፍርዱ ይኸው ነበር።

ማዳኑም ቀላል አልነበረም። እንዲያ ያለው ዘይት ሮቢት አይሸጥም። አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመጣ ደግሞ ብርቱካኑ ከዛፍ ይረግፋል። አቶ ተሰማ ዘይቱን ሁሉ ቀድተው በበርሜል አስቀመጡት፤ ውሃው ከታች ሲዘቅጥ ላዩን ለይተው ቀዱ። ከዘይቱ ጋር የተዋሐደው ውሃ ደግሞ በእሳት መውጣት ነበረበት። የድግስ ድስት ተገኘ። እሳቱን ያዙት ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። አቶ ተሰማ ማገዶ ሊጨምሩ ሲሉ «ይተዉት ጋሼ፤ ሞተር የአንቱ ነው፣ ፍም የእኔ ነው» ብለው ከለከሏቸው። ዘይቱ መንጣጣቱን እስኪያቆም ድረስ በለዘበ ፍም አቆዩት። ሲንጣጣ ውሃ አለው ማለት ነው፤ ዝም ሲል ጠርቷል። ከዚያም በወይዘሮ ሸዋዬ አሮጌ ነጠላ አጥልለው መልሰው ሞሉት። ከነጠላው ጫፍ ቀዩን ጥለት ቀድደው በዘይቱ ክዳን አንገት ላይ አሰሩ። «ይህ ጾመኛ ነው፤ ውሃ አይቀምስም» አሉ አቶ አብዱልፈታህ።

የመጀመሪያው ጉዞ ዕለት የሮቢት ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። መኪናው ብርቱካን ተጭኖ፣ አቶ ተሰማ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ በእኩለ ቀን ሙቀት ወጣ። በሾላዋ ቆሙ፤ አቶ አብዱልፈታህ ሰገዱ፤ ተነሡ። አርማንያን አለፉ። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ጠበቁ፤ መኪናው አልቆመላቸውም። ደብረ ሲና ሲደርሱ ማራገቢያው እንደ ጠዋቱ ይነፍስ ነበር። ከዋሻው አልፈው ብርዱ ፊታቸውን ሲመታው አቶ ተሰማ አለቀሱ ብለው አቶ አብዱልፈታህ ይናገራሉ። አቶ ተሰማ ግን እስከ መጨረሻው «ጉም ነው» ይሉ ነበር።

አቶ ተሰማ እንግዳወርቅና ወይዘሮ ሸዋዬ ተክሌ ጥር 1956 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሙሽራዪቱ የመጣችው በዚያው መኪና ነው። ወይዘሮ ጌጤ ምራታቸው ያቀበሏቸውን ውሃ ጠጥተው፣ የልጅ ልጅ ስመው፣ በ1958 ዓ.ም. አርፈዋል። ባልና ሚስቱ ዓለምፀሐይን፣ ደሳለኝንና መሠረትን ወለዱ። ጋኑ ከሠርጉ በኋላም አልጎደለም፤ እንዲያውም እሑድ እሑድ እንስራውን የሚሸከሙት አቶ ተሰማ ሆኑ። ወንድ ልጅ እንስራ ሲያዝል ያየ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ከትዳራቸው በኋላ ሳቅ ለምደው ነበር።

ማኅበሩም በዚያ መኪና ገቢ ሌላ ጨመረ። አቶ ተሰማ ለጥገና ወደ ጋራዣቸው የገባውን መኪና ሁሉ ክዳን ሳይመለከቱ፣ ውሃው የትኛው ዘይቱ የትኛው እንደሆነ ምልክት ሳያደርጉ አይለቁም ነበር። ለአጣዬና ለካራቆሬ ሾፌሮችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አንድን ሰው በስሕተቱ ሲቆጡ ግን ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። መኪና የተበላሸበት ሰው በጥፋተኝነት አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ አስቀድመው ውሃ ያስጠጡታል፤ ከዚያ «በል አሁን ንገረኝ» ይሉታል።

ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። እዚሁ በጤና ጣቢያ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሥር አልተለዩም። በሕመማቸው ጊዜ አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ልጆቻቸው ትምህርትና ጋኑን ማን እንደሚሞላው ነበር። የሚሞሉት መሠረትን ያዘሉት እኅታቸው ወይዘሮ ጽጌ መሆናቸውን ሲሰሙ «ቅጠሉን አትርሳ በሏት» አሉ። በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ግንቦት 12 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ አብዱልፈታህ ይህን እንደሰሙ የጫኑትን አራግፈው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሙ። «ጋሼ ዳገቱን ያወጧት መኪና እያለች ሌላ መኪና አያወርዳቸውም» አሉ። አስከሬናቸውን ይዘው በዋሻው አልፈው፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ ወርደው፣ ከሾላዋ ሥር ሲደርሱ ሞተሩን አጠፉ። ማንም አላዘዛቸውም። ወርደው ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረው ሰገዱ። ወይዘሮ ሸዋዬም ከሬሳው አጠገብ ወርደው፣ ነጠላቸውን በእጃቸው ላይ ጠቅልለው፣ የሚያቃጥለውን ክዳን ቀስ ብለው ከፈቱ። እንፋሎቱ እስኪወጣ ፊታቸውን መልሰው ቆዩ። ከዚያ ከጋኑ በቅል እየቀዱ መኪናውን አጠጡ። በጎን ያለው ክዳን ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀው ያ ጥለት እንደታሰረ ነበር።

አቶ ተሰማ እንግዳወርቅ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋዬ ተክሌን፣ ልጆቻቸውን ዓለምፀሐይን፣ ደሳለኝንና መሠረትን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ጽጌ እንግዳወርቅን፣ ወንድም የሆኗቸውን አቶ አብዱልፈታህን፣ የሙያ ልጆቻቸውንና መላውን የሮቢትን ሰው ትተው፣ ዛሬ በዚህ ደብር ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ያርፋሉ።

ከቀብር ስትመለሱ ወደ ዳገቱ የምትሄዱ ሁሉ፣ ጋኑ ዛሬም ሙሉ ነውና ቅሉን አንሥታችሁ ቅመሱ፤ ለወይዘሮ ሸዋዬ አባት ለአቶ ተክሌም፣ ለአቶ ተሰማም «ነፍስ ይማር» በሉ። የሌላውን ስሕተት በጉያቸው ይዘው ከአገር ሊወጡ የተነሡትን ሰው፣ ቸሩ አምላክ በማይዘጋ በሩ ያስገባቸው። ዳገት በሌለበት፣ ጥም በማይደርስበት፣ ከቅዱሳኑ ማኅበር ያኑራቸው። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።